ጦርነት ሲታወጅ የሚቋረጠው ዜማ

ዋርሶ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ ሙሉነህ፣ ወገዳ፣

ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ያ ከጡረታ ወዲህ አልለቅ ያለዎ የወገብ ሕመም እንዴት ነው? እኔ በአምላክ ቸርነት፣ በእርስዎም ምርቃት ደህና ነኝ። እዚህ ገና በጥቅምት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የጋይንትን ውርጭ ባላውቀው ኖሮ ሸሽቼ እመጣ ነበር።

«ስልክ ሞተ ተወለደ መባባያ ነው፤ ቁም ነገር ያለው ሰው ይጽፋል» ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩ። እንደ ወትሮው ለልጅዎ ለቃልኪዳን በቴሌግራም እልከዋለሁ፤ እሷ ደብረ ታቦር አሳትማ በመኪና ትሰድልዎታለች። እሷና ዘመኑ ጥር ላይ ሊጋቡ መሆኑን ነገረችኝ። የጋሽ ደምሌ ልጅ መሆኑን ስሰማ ደስታዬ እጥፍ ሆነ፤ ሁለታችሁ በሰንበቴው ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ስትነታረኩ ነው የማስታውሳችሁ።

ባለፈው «ሙዚቃ ትሠሪያለሽ ይሉኛል፤ ማን ሲዘፍነው ሰማ?» ብለውኝ ነበር። እውነትዎን ነው፣ ማንም ልብ ብሎ አይሰማውም። የምሠራው ለኮምፒዩተር ጌም ማጀቢያ ሙዚቃ ነው። ጌሙ እንደ ገበጣ እያሰቡ የሚጫወቱት ነው፤ ተጫዋቹ የድሮ ዘመን ንጉሥ ይሆናል፣ ያርሳል፣ ከተማ ይቆረቁራል፣ ግብር ይሰበስባል፣ ከጎረቤት ንጉሥ ጋር ይዋዋላል ወይም ይዋጋል። አንዱ ጨዋታ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ያን ሁሉ ሰዓት ከሥር ዜማ አለ። ዜማው ጎልቶ ተጫዋቹን ካወከው ሥራዬን አላወቅኩም ማለት ነው፤ ቢጠፋ ደግሞ ወዲያው ይጎድለዋል።

ዘንድሮ የጎንደር ነገሥታት ዘመን ጌሙ ውስጥ ገባ። ባልደረቦቼ መጀመሪያ የሠሩትን ሲያሰሙኝ አሸዋና ግመል ታየኝ። ስብሰባ ላይ «ይሄ የኛ አይደለም» ብል «እንግዲያው አንቺ ሥሪው» ተባልኩ። አፌ ነው ያመጣብኝ። ለጦርነቱ ነጋሪትና እምቢልታ አደረግኩ፣ እሱ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ሰላሙ ነው። ምንም በማይሆንበት ጊዜ፣ ገብሱ ሲያድግና ዓመት ሲዞር፣ ምን ይሰማል?

ያን ጊዜ እማዬ ትዝ አለችኝ። እህትዎ የኔነሽ ምስር ስትለቅም የምታንጎራጉራትን ዜማ ያውቋታል። ክረምት ክረምት እናንተ ዘንድ ስንመጣ አያቴ ማንአለሽም ያችኑ ስታንጎራጉር ሰምቻለሁ። ቃል የላትም፣ አፍ ተዘግቶ ነው የምትወጣው። እማዬ ካረፈች አምስት ዓመት ሆነ፤ ድምጿን የቀዳሁበት ነገር የለኝም፣ የቀረችኝ ያቺ ዜማ ናት። በማሲንቆና በዋሽንት ሠራኋት። አለቃዬ ሰምቶ ሲያበቃ «ይቺ ትግባ» አለ። በጌሙ ውስጥ ሰላም እስካለ ትሰማለች፤ ጦርነት ሲታወጅ ትቋረጣለች። በሚመጣው ሳምንት የማስታወቂያው ቪዲዮ ሲወጣ ለቃልኪዳን እልክላታለሁ፣ እንድታሳይዎ።

ሕጉ የዜማውን ባለቤት ስም ጻፉ ይላል። የማን ናት? ቃልስ ነበራት? እርስዎ ካላወቁ የሚያውቅ የለም።

ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ፣
ዮርዳኖስ


ወገዳ፣ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዮርዳኖስ፣

የወጣሽበትን በር መልሶ የሚያስገባሽ አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። እኛ ደህና ነን። ደብዳቤሽ የዘገየው መንገድ ተዘግቶ ነው። ሦስት የፊደል ስህተት አግኝቼበታለሁ፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፣ ግን አስምሬ አልመለስሁልሽም።

ገብሱ ዘንድሮ ጥሩ ነው። ባቄላውን በረዶ መታው። ስንዴው ዋግ ሳያገኘው አምልጧል። ወገቤ እንዳለ ነው። የማንበቢያ መነጽሬ ባንድ ወገን ተሰንጥቋል፤ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ አንድ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ሥራሽ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ንጉሥ ሆኖ ግብር መሰብሰብ ጨዋታ መሆኑን ሳናውቅ ኖረናል። የነጋሪቱም ነገር መልካም ነው።

ያቺን ዜማ ግን በሌላ ለውጫት። አገሩ ዜማ አላነሰውም፤ የአጨዳው አለ፣ የደቦው አለ፣ የሠርጉ አለ። የፈለግሽውን ዘመኑ ቀድቶ ይልክልሻል፤ እሱ ባይመቸው ሌላ ሰው አይጠፋም።

የሠርጉ ቀን ገና አልተቆረጠም።

አጎትሽ ሙሉነህ


ዋርሶ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሙሉነህ፣

ሰላምዎ ይብዛ፣ ወገብዎን ይማርልኝ። መነጽሩን ገዝቼአለሁ፤ መንገደኛ እየፈለግኩ ነው።

ለሌላው ሁሉ መልስ ሲሰጡኝ ለጠየቅኩዎ አልሰጡኝም። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ዜሮ ነበር የሚሰጡት። ቪዲዮው ወጥቷል ጋሼ፤ አራት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል። የማላውቃቸው ሰዎች «ይቺ ዜማ ምንድን ናት?» እያሉ ይጽፉልኛል። እንዴት ብዬ ነው «አጎቴ ለውጫት አለኝ» የምለው? ምክንያቱን ቢነግሩኝ እኮ ለመለወጥ አላመነታም።

ቃልኪዳን ስለ ሠርጉ ስጠይቃት ወሬ ትቀይራለች። ቪዲዮውን በላክኩላት ቀን ግን ፈንጥዛ ነበር፤ ለዘመኑም እንዳሳየችው ነግራኛለች። ምን ሆናችሁ?

እማዬን ከዚያ ጌም ውስጥ አውጫት የተባልኩ ያህል ነው የተሰማኝ። ከፍቶኛል። ይቅር ይበሉኝ፣ ግን ከፍቶኛል።

ዮርዳኖስ


ወገዳ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዮርዳኖስ፣

አምላክ ልብሽን ያጽናው። ይህን ደብዳቤ በቃልኪዳን በኩል አልላክሁትም። ለሕክምና አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፖስታ ቤት እንዲያስገባው አደራ ብያለሁ። ቢዘገይብሽ ለዚህ ነው፣ እሷ እንዳታነበው ብዬ።

አያትሽ በሕመም ሞተ ተብለሽ ነው ያደግሽው። ውሸት ነው። አባቴ በ1964 ዓ.ም. በአንድ ትልም መሬት ተገደለ። ገዳዩ ከወንዝ ማዶ የነበረው ጎረቤታችን፣ የደምሌ አባት ነው። እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር።

እናቴ ማንአለሽ ሙሾ አወጣች። ሙሾው ገዳዩን በስሙ ይጠራል፤ እኛን ልጆቿንም በየስማችን እየጠራ ይጠይቀናል። ከቀብሩ በኋላም አላቆመችም። ውሃ ስትቀዳ፣ ስትፈትል፣ ወንዙን ተሻግሮ እስኪሰማ ድረስ ትለው ነበር። ታላቅ ወንድሜ አወቀ ሁለት ዓመት ሰማው። ከዚያ ጠመንጃውን ይዞ ተሻገረና የደምሌን አባት ገደለ። ራሱም እስር ቤት ታሞ ሞተ።

በ1968 ሽማግሌና ካህን ገብቶ አስታረቀን። የእርቁ ቃል እንዲህ ነበር፦ ከእነሱ ቤት ፉከራ፣ ከእኛ ቤት ያ ሙሾ ዳግም እንዳይሰማ፤ የዚያ ቤት ሴቶችም በበኩላቸው በሙታቸው ስም ሰው የሚያነሣሣ ሙሾ እንዳያወጡ። እናቴ ወንጌል መትታ ማለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዜማውን አፏን ዘግታ ነው። «የማልሁት ቃሉን ነው» ትል ነበር። ሽማግሌዎቹም ሰምተው እንዳልሰሙ አለፏት፤ ባሏንና ልጇን የቀበረች ሴት ከደረቷ ማን ያወጣዋል? እናትሽም ትርጉሙን ሳትጠይቅ ከእሷ ወረሰችው። ቃሉን እዚህ አልጽፈውም። እናቴ የማለችውን እኔ በወረቀት አላፈርስም።

እኔና ደምሌ ልጆቻችን ይህን ሳይሰሙ ይደጉ ተባባልን። ባንድ ሰንበቴ ገባን። ልጁና ልጄ ሲፈላለጉ ያስታረቁን ሽማግሌዎች ከመቃብር ተነሥተው የመረቁን መሰለኝ።

አሁን ዘመኑ ቪዲዮሽን ለአባቱ አሳየው። ደምሌ ከመደቡ ተነሣ። «ይህን ከማን አገኘኸው?» አለ። «ቃልኪዳን ናት የሰጠችኝ» ሲለው ሌላ ሳይሰማ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ገበያ አይወጣም፣ ሁለት ሰንበቴ ቀረ። የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ የሄዱትን ሽማግሌዎች «ትንሽ ይቆይ» ብሎ መለሳቸው። ልጄ ምን አጠፋሁ እያለች ትጠይቀኛለች፣ እኔም የማላውቅ እመስላለሁ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ሃምሳ ዓመት አስቀመጥሁት፣ ይኸው ነቀዘብኝ። ፈርቻለሁ ዮርዳኖስ። ከእርቁ ወዲህ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

መነጽሩን ተዪው።

ሙሉነህ


ዋርሶ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሙሉነህ፣

ያስፈራዎትን አምላክ ያቅልልዎ። ደብዳቤዎ ዛሬ ነው የደረሰኝ። ባለፈው ለጻፍኩት ነገር እግርዎ ላይ እወድቃለሁ። ያወቅኩ መስሎኝ ነበር፤ የማላውቀውን ዜማ ነው ለሰው የሰጠሁት።

ለአለቃዬ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ልትወጣ ትችላለች» አልኩት። ደስ አላለውም፣ ግን እስከ ጥር 6 ቀን ጊዜ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ጌሙ ይዘጋል፣ መለወጥ አይቻልም። ቪዲዮውን ዛሬውኑ አስወርጄዋለሁ። በምትኳ የአጨዳ ዜማ መርጫለሁ፤ እርስዎ አንድ ቃል ይበሉኝ። «አውጫት» ካሉኝ አወጣታለሁ፣ ምንም አልልም።

ይህ ደብዳቤ በቃልኪዳን እጅ ስለሚያልፍ የነገሩኝን አልደግመውም። ግን ጋሼ፣ ሙሽራዋ እሷ ናት።

ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ደብዳቤዎን አሥር ጊዜ አነበብኩት። ጋሽ ደምሌ ያሉት ነገር «ይህን ከማን አገኘኸው?» እና «ትንሽ ይቆይ» ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ የእርስዎ ፍርሃት ነው። እሳቸውን ጠይቀዋቸዋል?

ዮርዳኖስ


ወገዳ፣ ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዮርዳኖስ፣

ያየሁትን ደስታ ያሳይሽ። ይህን ዘመኑ አጠገቤ ቆሞ በስልኩ እያነሣ ነው የሚልክልሽ፤ ጥር 6 እንዳይቀድመን።

ቃልኪዳን ለገና ስትመጣ ደብዳቤሽን ራሷ ይዛው መጣች። አንብባዋለች። ፊቴ አስቀምጣ፣ «አባዬ፣ ሙሽራዋ እኔ ከሆንሁ ልስማ» አለችኝ። ነገርኋት። ስጨርስ አላለቀሰችም፣ ነርስ አይደለች? «ነገ አብረን እንሄዳለን» አለች።

በማግስቱ ሄድን። ደምሌ ውድማው ላይ መንሹን ይዞ እህል ያዘራ ነበር። ሲያየኝ መንሹን ጣለ። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት የይቅርታ ንግግር ነበረኝ፤ አንድ ቃል ሳላወጣ ቀደመኝ።

«ሙሉነህ፣ በልጄ አትፍረድበት» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። በሬ እየተከተልሁ ሳንጎራጉር ሰርቆ ቀድቶኝ ነው።»

ምን እንደሚል አልገባኝም። «ማን ቀዳህ?» አልሁት።

«ዘመኑ ነዋ። ለቃልኪዳን ሰጣት፣ እሷም በመሣሪያ አሠርታ መለሰችለት፣ ላንተም አሰማችህ። ደምሌ በአባቴ ሙሾ ተሳለቀ ትላለህ፣ ልጅህንም ትከለክለኛለህ ብዬ ነው ፊትህን የሸሸሁት። ቀኑ ይቆይ ያልሁትም ቀን ከተቆረጠ ወዲያ አፍርሳችሁ ከምታሳፍሩኝ ብዬ ነው።»

ገለባው ላይ ተቀመጥሁ። እሱም መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ያቺን ዜማ እሱ ከየት እንዳመጣት ጠየቅሁት።

«እናቴ ሰብለ ምን ብላ ታልቅስ?» አለኝ። «የገዳይ ሚስት ናት፤ አባቴ ሲሞት አልቃሽ አልመጣላትም። ሁለት ዓመት ከወንዝ ማዶ ስትሰማው የኖረችውን የእናትህን ዜማ ወስዳ በራሷ ቃል አለቀሰችበት። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ዜማው የማንም ይሁን። ሽማግሌ ሲያስምላት ቃሉን ተወችው። ዜማውን ግን እስክትሞት አልተወችውም፣ እኔም ከእሷ ወረስሁት።»

ስለ አንቺ ነገርሁት። የተቀዳው እሱ አለመሆኑን፣ ዜማዋ ከማንአለሽ ወደ የኔነሽ፣ ከየኔነሽ ወደ አንቺ ወርዳ ዋርሶ የገባች መሆኗን። መጀመሪያ አላመነኝም። ሲያምነኝ መሳቅ ጀመረ። እኔም ሳቅሁ። ሁለት ወር እሱ እኔን ሲሸሽ፣ እኔ እሱን ስሸሽ፣ በመሃል አንዲት ሙሽራ ልናሳብድ! ቃልኪዳን ቤታቸው የተላለቀ ሁለት ሽማግሌዎች ገለባ ላይ ተቀምጠው ሲስቁ አይታ አሁን አለቀሰች።

የሠርጉ ቀን ጥር 17 ተቆርጧል።

እንግዲህ መልስሽ ይኸው፦ አታውጫት። ደምሌም ቁርጥ አድርጎ «እንዳታወጣት በላት» ብሏል። ባለቤቱን ስትጽፊ የሁለቱንም እናቶች ስም ጻፊ፣ ወይዘሮ ማንአለሽ እና ወይዘሮ ሰብለ። አንዷን ከፊት አንዷን ከኋላ ማድረግ ግድ ከሆነ ሰብለን አስቀድሚ፤ አልቃሽ ያልመጣላት እሷ ናት።

ከመነጽሩ ጋር ደህና ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር ላኪልን። ደምሌ ጆሮው ደክሟል።

አጎትሽ ሙሉነህ


ዋርሶ፣ ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሙሉነህ፣

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት፤ ባልደረቦቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ወንበር አቀረቡልኝ። እፎይ ብዬ ነው፣ ሌላ አይደለም።

የሁለቱም ስም ተጽፏል፣ እንዳሉት ወይዘሮ ሰብለን አስቀድሜ። አንድ ነገር ደግሞ ጨመርኩ። ጋሽ ደምሌ እናታቸው እንደምትለው አድርገው እንዲያንጎራጉሩና ቀድቶ እንዲልክልኝ ዘመኑን ለምኜው ነበር፤ ላከልኝ። ዜማው አንድ ሆኖ አወራረዱ ይለያል፤ የእናታቸው ዜማ ጫፉ ላይ ትንሽ ትቆያለች። እሱን አጥንቼ ሁለተኛ ድምፅ አደረግኩት። ተጫዋቹ በጌሙ ሃምሳ ዓመት ሳይዋጋ ከቆየ ሁለተኛዋ ድምፅ መጥታ ከመጀመሪያዋ ጋር ትገጥማለች። አለቃዬ «ያን ያህል ማን ይታገሣል? ማንም አይሰማውም» አለኝ። የሚሰማ አለ አልኩት።

ጌሙን አስቀድሞ እንዲያወርድ ለዘመኑ ልኬለታለሁ። ስፒከሩና መነጽሩ ከመንገደኛ ጋር ተነሥተዋል። ሠርጉ ላይ ስለ እኔም ይጨፍሩልኝ፤ ወገብዎን ሰበብ እንዳያደርጉ።

ዮርዳኖስ


ንፋስ መውጫ፣ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዮርዳኖስ፣

እጅሽ ይባረክ። ይህን የምጽፍልሽ እዚህ ጎጆ ከወጡት ሙሽሮች ቤት፣ በአዲሱ መነጽር ነው። ሠርጉ ሞልቶ አለፈ። ጨፍሬአለሁ፤ ምስክር ከፈለግሽ ወገቤን ጠይቂው።

እኔና ደምሌ ልጆቹን ልንጠይቅ ነው የመጣን። ዘመኑ ጌሙን ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ አውርዶት ነበርና ትናንት ከቅዳሴ መልስ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርጎ ስፒከርሽን ሰካበት። ዜማዋ ስትወጣ ደምሌ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ። የኔነሽን ነው የሰማሁት እኔ፣ አልዋሽሽም። ገብስ ዘሩ፣ ዓመት ዞረ፣ ዜማዋ አልቆመችም።

ሠላሳ ዓመት ያህል እንደሄዱ ጎረቤት ያለው ንጉሥ ወሰን ገፋ። ዘመኑ ተናደደ፤ ጦር እንዳለው፣ ባንድ ቀን እንደሚያስመልሰው ነገረን። እጁ ሊነካው ሲል አባቱ ያዘው።

«ጦርነት ከታወጀ ዜማው ምን ይሆናል?» አለ ደምሌ።

«ይቋረጣል።»

«ተው እንግዲያው። ይውሰደው።»

«አባዬ፣ መሬታችንን እኮ ነው የሚወስደው» አለ ዘመኑ።

ደምሌ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። በአንድ ትልም መሬት አባቴን የገደለው ሰው ልጅ ነው፤ እኔም አባቱን የገደለው ሰው ወንድም ነኝ። «ይውሰደው በለው» አልሁት እኔም።

ያ ንጉሥ ሁለት አውራጃ ወሰደ። ዘመኑ እየተነጫነጨ ገብሱን ዘራ። ሃምሳው ዓመት ሲሞላ ሁለተኛዋ ድምፅ መጣች፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቆየት አለች። ደምሌ «እናቴ ናት» አለ። ሁለቱ አብረው ወንዙን ሳይሻገሩ፣ አንዷ ከወዲህ አንዷ ከወዲያ፣ ሲያንጎራጉሩ እስከ መጨረሻው ሰማናቸው።

ጨዋታውን ተሸንፈናል። ዘመኑ እንደገና እንጀምር ቢለን ደምሌ እሽ ብሏል፣ አሁንም ላንዋጋ።

አጎትሽ ሙሉነህ